የመነጽሩ ክርስትና አባት

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በሱክሬ ከተማ ለሚገኘውና ለክብሩ ስንል ስሙን ለማንጠራው ዩኒቨርሲቲ፣ በተለይም ለኢኮኖሚክስ ክፍል ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ያለንን ከፍ ያለ አድናቆት ስንገልጽ ታላቅ ደስታ ይሰማናል። ሌላ አገር ያለ ተማሪ ቤተሰቡ የሚልክለትን የኪስ ገንዘብ ለዳቦ፣ ለሳሙናና ለደብተር ያባክነዋል። የእነዚህ ወጣቶች ዓላማ ግን ከሆድ በላይ ነው። ገንዘባቸውን የሚያውሉት ለክርስትና አባትነት ነው።

ሕፃን ክርስትና ማንሳትማ የትም አለ። በሱክሬ ኬክም ክርስትና አባት አለው፤ ሻማ ከተሰካበት ሻማው የራሱ ይኖረዋል። የቡድን ማሊያ ቢሆን፣ ርችት ቢሆን፣ አዲስ ወንበር ቢሆን፣ ያለ ክርስትና አባት ወደዚህ ዓለም አይመጣም። ክርስትና አባት ማለት ዕቃውን ከኪሱ የሚገዛ፣ በምርቃቱ ቀን ቢራ የሚያፈስበት፣ አናቱ ላይ ባለቀለም የወረቀት ብጥስጣሽ የሚበተንበትና የሚጨበጨብለት ሰው ነው። የተጠየቀ ሰው እምቢ የማለት ሙሉ መብት አለው። በዚህ መብቱ ተጠቅሞ በዚያ ግቢ በሰላም የዋለ ግን እስካሁን አልታየም።

በዚህ ማዕረግ ሊምበር ቾኬን የሚያህል አልነበረም። ሊምበር ከካማርጎ ሸለቆ የመጣ፣ ቀጫጫ፣ ያለ መነጽር አህያና ፈረስ የማይለይ ልጅ ነው። እናቱ ዶኛ ፕላሲዳ፣ ዶኛ በዚያ አገር ወይዘሮ ማለት ነው፣ ካማርጎ ገበያ ደረቅ ኮክ ትሸጣለች፤ የኪስ ገንዘቡንም በኮክ ካርቶን ሥር ደብቃ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ትልክለታለች። ልጁ ክፋት የለበትም፤ እምቢ ማለት ብቻ አልፈጠረበትም። "ክቡር ክርስትና አባታችን" ያሉት እንደሆነ እጁ ሳያዘው ኪሱ ይገባል። በዚህ ሁኔታ የእግር ኳስ ቡድኑን ካልሲ፣ የሴቶች ቀን ኬክ አናት ላይ የተቀመጠችውን ቼሪ፣ እንዲሁም ግሽበት የሚባለውን የክፍሉን ውሻ የብርድ ወራት ሹራብ ክርስትና አንስቷል። እሱ ራሱ ያንን ብርድ ያሳለፈው በአንዲት ስስ ጃኬት ነበር። ውሻው ግን ሞቆታል፤ ይመስገን።

መከራው፣ በቢሮ ቋንቋ "ክስተቱ"፣ የጀመረው በኳስ ነው። ሊምበር የአዲሱ ኳስ ክርስትና አባት ስለነበር የመክፈቻውን ምት እንዲመታ በክብር ተጋበዘ። መታ። በረኛውም ለክርስትና አባቱ ካለው አክብሮት የተነሳ ኳሱን ባለ በሌለ ኃይሉ መለሰለት። መነጽሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

"አይዞህ አበልጅ፣" አለው የክፍሉ ተጠሪ ኦስማር ባልዲቪዬሶ ከመሬት እያነሳው። "ኳሱ ምንም አልሆነም።"

ኦስማር ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ የሚዞር፣ ለሁሉም ነገር ንግግር ያዘጋጀ ወጣት ነው። እሱ የምንም ነገር ክርስትና አባት ሆኖ አያውቅም። ንግግር የሚያደርግስ ሰው አያስፈልግም እንዴ?

በዚያው ሰሞን የክፍሉ ፎቶኮፒ ማሽን ዐሥረኛ ዓመቱን አከበረ። ከሦስቱ ክርስትና አባቶች አንዱ ሊምበር ነበር። በወጉ መሠረት ሦስቱም ተራ በተራ ቢራ አፈሰሱበት፤ ማሽኑ በርቶ ስለነበር ጢስ በማውጣት ደስታውን ገለጸ፣ ከዚያ በኋላም አልተናገረም። በማግስቱ የቤተሰብ በጀት አስተማሪው መምህር ኤልዮዶሮ ክፍል ገቡ።

"የመጨረሻው ፈተና የሚባዛበት ማሽን ሰክሯል፣" አሉ። "ስለዚህ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ማየት የናንተ ፋንታ ነው።"

የመምህር ኤልዮዶሮ ጽሕፈት ጉንዳን የተራመደበት ነው የሚመስለው። ሊምበር ደግሞ እንኳን ጽሕፈቱን ሰሌዳውንም አላየውም። ይህን ፈተና ከወደቀ ዓመቱን ይደግማል። ዶኛ ፕላሲዳ ግን ልጇ በመጪው ዓመት እንደሚመረቅ ለካማርጎ ገበያ በሙሉ፣ ለጠላቷ ለሽንኩርት ሻጯ ሳይቀር፣ ተናግራ ጨርሳለች። ደወለላት።

"እማ፣ መነጽሬ ተሰበረ።"

"በምን?"

"በኳስ።"

"አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ኳስ የምትጫወተው?"

"አልተጫወትኩም። ክርስትና አባቱ ነኝ።"

"የማን?"

"የኳሱ።"

"ስማ ሊምበር፣" አለች። "ለራሴ ብርድ ልብስ ብዬ ያስቀመጥኳት አለች፤ እልክልሃለሁ። ከመነጽር ሌላ አንድ ሳንቲም ብታወጣባት ግን እናት የለህም!"

"እንዴ እማ! ምን ቆርጦኝ!"

ይህን ሲል ከልቡ ነበር። ገንዘቡ በደረሰው ዕለት በቀጥታ ወደ መነጽር ቤቱ ገሰገሰ። የሱቁ በር በብዥታ ታየው። ልክ ከደረጃው ሥር አንድ የሚያውቀው ሽቶ ሸተተው፤ የክፍሉ የጭፈራ ቡድን መሪ ዳኒትሳ ነበረች።

"ሊምበርዬ! እግዜር ነው የላከህ!"

"ዳኒትሳ፣ ቸኩያለሁ፣ መነጽር ልገዛ..."

"አንድ ደቂቃ ብቻ። ለዩኒቨርሲቲው የጭፈራ ሰልፍ ቦት ጫማችን ላይ ቃጭል አልታሰረም። የቀኝ እግሩ ክርስትና አባት አግኝቷል። የግራው ወላጅ አልባ ነው።"

"የግራው ብቻ?"

"የግራው ብቻ። ምነው፣ ሕዝብ ፊት በቀኝ እግራችን ብቻ እያቃጨልን እንድናልፍ ትፈልጋለህ?"

አልፈለገም። ማንስ ይፈልጋል? በቀኝ ብቻ የሚያቃጭል ክፍል ታሪክ ምን ይለዋል? "ክቡር ክርስትና አባታችን" የምትለዋ ቃል ከዳኒትሳ አፍ ስትወጣ ደግሞ ትንሽ ረዘም ትላለች። ሊምበር ከደረጃው ሥር ሲመለስ ግማሹ ገንዘብ በሃያ አራት የግራ እግሮች ላይ ይንቃጨል ነበር፤ የቀረው ለመነጽር አይበቃም።

ያን ምሽት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ለመጠየቅ ቆረጠ። ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው ክፍሉ ፊት ቆሞ፣ ጆሮው እየቀላ፣ "መነጽር የምገዛበት ጎድሎብኛልና ብትረዱኝ" አለ።

እዚህ ላይ የክፍሉን አፋጣኝ ምላሽ ሳያደንቁ ማለፍ ይከብዳል። ወዲያው የመነጽር ጉዳይ ጊዜያዊ አስተባባሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኦስማር ወንበር ላይ ወጣ።

"የተከበራችሁ!" አለ። "የሊምበር ዓይን የሊምበር ብቻ አይደለም፤ የሁላችን ዓይን ነው! ካልሲ ስናጣ ካልሲ፣ ቃጭል ስናጣ ቃጭል የሆነን ሰው ዛሬ በጨለማ አንተወውም! ስለዚህም ለመነጽሩ ክርስትና አባት እንምረጥ። ማን ፈቃደኛ ነው?"

አንዱ ጫማውን ያስር ጀመር። ዳኒትሳ የወሩ ገንዘቧ በኬክ እንዳለቀ በሐዘን አስታወቀች። በረኛው፣ መነጽሩን በኳስ የሰበረው እሱ፣ "እኔ እንኳ በሞራል ከጎኑ ነኝ" አለ።

"እንግዲያው በልምድ እንሂድ፣" አለ ኦስማር። "ይህ ኃላፊነት ልበ ሰፊ፣ በክርስትና አባትነት የተፈተነ፣ የመነጽርን ጥቅም ከማንም በላይ የሚረዳ ሰው ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው በመካከላችን አለ!"

ሊምበር አጨበጨበ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው እሱ ነበር። እንባው መጣ፤ ይህን ያህል የሚያስብለት ወዳጅ አለኝ ብሎ አያውቅም ነበር።

"እሱም ሊምበር ቾኬ ነው!"

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ያጨበጨበበትን እጅ መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

"ክብሩ... ይሰማኛል፣" አለ ሊምበር።

ኮሚቴው የቀረችውን ገንዘብ ተረክቦ በሙያዊ ጥንቃቄ ሥራ ላይ አዋላት። ያልተመረቀ መነጽር መጥፎ ዕድል እንደሚያመጣ የታወቀ ነውና ቅድሚያ የተሰጠው ለቢራው ነበር። ቀጥሎ የወረቀት ብጥስጣሹ መጣ። በተረፈችው ከመንገድ ዳር ነጋዴ አንድ ጥሩ ጥቁር ፍሬም ተገዛ። መስታወት አልነበረውም። የመስታወቱ ጉዳይ በሁለተኛው ምዕራፍ እንደሚታይ ኮሚቴው በአጽንኦት ገለጸ።

ምርቃቱ ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን፣ በግቢው ውስጥ ተደረገ። ሊምበር በራሱ እጅ ለራሱ መነጽር አጠለቀ፣ ቢራ ፈሰሰበት፣ ወረቀት ተበተነበት።

"እንዴት ያምርብሃል!" አለች ዳኒትሳ።

ሊምበር ዙሪያውን ተመለከተ። ሁሉም ብዥ ብለው ይታዩታል፤ ብዥ ሲሉ ደግሞ ሁሉም ያምራሉ።

ከመካከላቸው አንድ ባርኔጣ ያደረገ ብዥታ ካርቶን ተሸክሞ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። ዶኛ ፕላሲዳ ናት። ስለ ምርቃቱ በስልክ ሰምታ፣ ልጇን በአዲስ መነጽር ልታይ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተንገጫግጫ መጥታለች።

"የኔ ጌታ! ምሁር መሰልክ እኮ!" አለች። መስታወቱ ላይ የተለጠፈ መስሏት አንዲት ቀይ ወረቀት ልታነሳለት ጣቷን ሰደደች። ጣቷ ዓይኑ ውስጥ ገባ።

"ኧረ ዓይኔን!"

"መስታወቱስ?"

"ይመጣል እማ። ክርስትና አባት እየተፈለገለት ነው።"

"የዚህኛውስ ክርስትና አባት ማነው?"

"እኔ።"

"ለገዛ መነጽርህ?"

"በሙሉ ድምፅ ነው የተመረጥኩት እማ።"

ዶኛ ፕላሲዳ የኮኩን ካርቶን ከራሷ በላይ አነሳች። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በአንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። "እኔ ያለ ብርድ ልብስ እየተንቀጠቀጥኩ!" ብላ ጮኸች። "አንተ ባዶ ቀዳዳ ታስመርቃለህ! እናንተስ፣ እናት የላችሁም? ነገ ይህ ልጅ ምን አይቶ ይጻፍ?"

ሊምበር አንገቱን ደፋ። በዚያች ቅጽበት ስለ ፈተናው፣ ስለ ብርድ ልብሱ፣ ስለ ሽንኩርት ሻጯ ሳቅ አሰበና ከልቡ አፈረ። ለጥቂት ጊዜ እውነት ራሷ የምትናገር መሰለ።

ኦስማር ወደ ፊት ወጣ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ክብርት ዶኛ ፕላሲዳ! የካማርጎ ሸለቆ ኩራት! ይህን የመሰለ ልጅ ያፈራች እናት እያለች የመስታወቱን ክብር ለሌላ መስጠት ለኛ ኃጢአት ነው። ክፍሉ እርስዎን ክርስትና እናት እንዲሆኑለት፣ በፍጹም ትሕትና፣ ይለምናል።"

ካርቶኑ አየር ላይ ቆመ።

"እኔን?" አለች።

"እርስዎን፣ እመቤቴ።"

"በዚህ አቧራ በጠጣ ባርኔጣ?" አለች፤ ካርቶኑ ግን መውረድ ጀምሯል። አንዱ ወረቀት በተነባት። ተጨበጨበ። የዶኛ ፕላሲዳ እጅ፣ ልጇ አሳምሮ በሚያውቀው ዓይነት፣ ሳታዘው ብብቷ ገባ፣ የአውቶቡስ መመለሻዋን የቋጠረችበትን መሐረብ አወጣ።

"እማ፣ ተይ፣" አለ ሊምበር።

"አንተ ዝም በል! ሰው ፊት ታሳፍረኛለህ? ደግሞ ይሄ ቢራ ምነው አነሰ! በፕላሲዳ ምርቃት ላይ ሰው ጉሮሮው ደርቆ አይሄድም!"

አልደረቀም። ከመሐረቡ የተረፈችው ለአንድ መስታወት በቃች። ኮሚቴው ሊምበር በግራ በኩል ያለውን የዳበረ ተሞክሮ ግምት ውስጥ አስገብቶ የግራው እንዲገጠም ወሰነ። የኮኩ ካርቶንም ለመመለሻ ትኬት ተሸጠ።

በማግስቱ መምህር ኤልዮዶሮ ጥያቄውን ሰሌዳው ላይ ጻፉና ዞር አሉ። ሊምበር በግራ ዓይኑ እያንዳንዷን ጉንዳን አጥርቶ አየ። "ገቢዋ አነስተኛ የሆነ አንዲት እናትና ተማሪ ልጇ ገንዘባቸውን በምን ቅደም ተከተል ማውጣት እንዳለባቸው አስረዱ" ይላል። ከክፍሉ ይህን መልስ የእሱን ያህል በቃሉ የሚያውቅ አልነበረም። አስፈላጊው ይቀድማል፣ ቁጠባ ይከተላል፣ ድግስ መጨረሻ ይመጣል ብሎ በሦስት ገጽ አብራራ፤ ሙሉ ነጥብም አገኘ፣ ዓመቱንም አለፈ።

ሦስቱንም ገጽ የጻፈው ግን፣ የሚጽፈውን ላለማየት፣ መስታወት ያለበትን ዓይኑን ጨፍኖ ነው።