ሪሞት የያዘ ሰው

ሪሞት የጨበጠ ሰው እንዴት እንደሚኮራ አይታችኋል? ካላያችሁ ሸዋሮቢት ኑና ሬዲዮ ጠጋኙን ጋሼ ዘውዴን ተዋወቁ። ከፎም የሠሯት ትንሽ አውሮፕላን በእጅ ስትወረወር ደስ ብሏት ትበር ነበር። እሳቸው ግን "ያላዘዝኳት አውሮፕላን ምኗን የኔ ሆነች?" ብለው ከአሮጌ መጫወቻ መኪና የፈቱትን ሪሞት ገጠሙላት።

የሙከራው ዕለት የመናኸሪያው ሾፌርና ረዳት ሁሉ ሽንኩርት ማሳው ዳር ተሰበሰበ። ጋሼ ወረወሯትና ሪሞቱን ጨበጡ። ለኛ ሰው አውሮፕላንም ሆነ ተሳቢ መኪና ምን ልዩነት አለው? "ግራ ቁረጠው! መልሰው! ና፣ ና፣ ና... በቃ!" እያለ ጮኸ። ጋሼን አንተ ማለቱ እንኳ አልታወቀውም። እሳቸውም አብረው እየተጣመሙ የሪሞቱን ቁልፍ ይጫናሉ። አውሮፕላኗ ሁለቴ ዞራ፣ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ማሳው መሐል አረፈች። ጭብጨባው ቀለጠ!

"አያችሁ እንዴት እንደታዘዘችኝ?" አሉ ጋሼ።

"እኔ መልሰው ባልልዎት የት ትገባ ነበር!" አለ አንዱ ረዳት። ክርክሩ ጦፈ።

ይሄኔ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ሁለት ባትሪ ይዘው እያለከለኩ ደረሱ።

"አንቱ፣ የሪሞትዎን ባትሪ ለሬዲዮዬ አውጥቼው ነበር። ሳትበር ደረስኩ?"