ትንሽ ያገለገለ ባል

ሕልም የሌሊት ብቻ ነው የሚል ሰው የድሬዳዋን ቀትር አያውቅም። ከምሳ በኋላ ሱቆች ሲዘጉና ሙቀቱ ሰውን ሲያዝለው ከተማው በሙሉ ጋደም ይላል፤ ሕልምም እንደ ሰው ጥላ ፍለጋ ቤት ለቤት ይዞራል። ትናንት የገባው ሳቢያን ሰፈር፣ ደርቤ ቤት ነበር።

ደርቤ ሲሚንቶው ላይ ምንጣፍ አንጥፎ ከመተኛቱ በፊት ስልኩን ለሚስቱ ለዘርፌ ሰጥቷት ነበር። ፍሪጃቸውን ቴሌግራም ላይ ለሽያጭ ካወጡት ሰንብተዋል። ዘርፌ እርጎ አቀዝቅዛ ለሰፈሩ የምትሸጠው በዚያ ፍሪጅ ነው። ደንበኛው በዝቶ ስለጠበባት እሱን ሸጠው፣ ትንሽ ጨምረው፣ ትልቅ ሊገዙ አስበዋል። ገዢም አላጡም። ዶክተር ነኝ የሚል ሰው በስልክ ተስማማ፤ ሥራ ስለበዛበት እሱ አይመጣም፣ ብሩን በባንክ አስገብቶ ጫኞች ይልካል።

«ገባ የሚል መልእክት ሲመጣ አስረክቢያቸው» አላት ደርቤ፤ ጎኑን አዞረና እንቅልፍ ወሰደው።

ወዲያው ፍሪጇ ስልክ ይዛ ከራስጌው ቆመች።

«ቀና በል፤ ፎቶ ላንሳህ» አለችው።

«ለምኑ?»

«ላወጣህ ነው።»

«ወዴት?»

«ገበያ ነዋ!»

ደርቤ አንገቱን አስግጎ የጻፈችውን አነበበ። «ባል። ትንሽ ያገለገለ። ምንም እንከን የሌለበት። ድምፅ የሚያሰማው ሲተኛ ብቻ ነው። ደላላ እንዳይደውል» ይላል። መቆጣት ነበረበት። እሱ ግን የሚያወጣውን ዋጋ ለማወቅ ጓጓ። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ነገር ዋጋ ሲጠይቅ ኖሯል፤ የራሱን የነገረው ሰው አልነበረም። ፀጉሩን በእጁ አስተካከለና ሆዱን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ።

መጀመሪያ የደወለችው መጥረጊያ ነበረች።

«የት አካባቢ ናችሁ?»

«ሳቢያን» አለች ፍሪጇ።

«ሳቢያን የቱ ጋ?»

«ትምህርት ቤቱን አልፈሽ፣ ሰማያዊው በር።»

«እሺ፣ መጣሁ።»

መጥረጊያዋ ይህን ሁሉ የምትለው እዚያው ሰማያዊው በር ሥር ተደግፋ ነው። እስከ መጨረሻው ግን አልመጣችም።

ግቢው መንገድ ሆነ። በመንገዱ ላይ ጋሪ የሚጎትቱት ሰዎች ናቸው፤ አህዮቹ ከላይ ተቀምጠው ስለ ኑሮ ውድነት ይጫወታሉ። አንዲት ካውያ ከጋሪ ወርዳ ቀረበችና የደርቤን አፍ ከፍታ ወደ ውስጥ አየች።

«መብራቱ አይሠራም» አለች።

«ድሮም አይሠራም» አለች ፍሪጇ።

«ሳይበላ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይል። ከዚያ በኋላ መነጫነጭ ይጀምራል።»

«መጨረሻው ስንት ነው?»

«መጨረሻውንስ እግዜር ነው የሚያውቀው።»

ካውያዋ ሃያ ሺህ ብር ልስጥ አለች። ፍሪጇ ደረቷን ደቃች።

«ኧረ በዛ! ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? በአሥራ አምስት ይሁን።»

«ሃያ ብያለሁ፤ ከዚያ አልወርድም።»

«አሥራ ሁለት! እሱንም ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ማንን ነው እንዲህ የምታወርጂው?» አለ ደርቤ ክብሩ ተነክቶ።

«ዕቃ አይናገርም» አሉት ሁለቱም ባንድ አፍ። ካውያዋም ዋጋው አልወጣ ሲላት ግላ ሄደች።

ከዚያ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን መጣ።

«ዶክተር ነኝ» አለ። «ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ ብዙ አላወራም።»

አልዋሸም፤ ፊቱ ላይ ስብሰባ ይታያል፤ ሰዎች ተሰልፈው ያጨበጭባሉ። ደርቤን ዞር ብሎ እንኳን አላየውም፤ ዋጋም አልተከራከረም። «ብሩ ይኸው» ሲል ስብሰባው ጠፋና ፊቱ በሙሉ ብር ሞላው። አዲስ ነው፤ እጅ ያልነካው፣ ባንክ እንዳሰረው ያለ።

ፍሪጇ በደስታ ተንቀጠቀጠች። «ገባ!» አለች።

«የት ነው የገባው?» አለ ደርቤ።

«አታይም እንዴ? ይኸው እኮ!»

«እሱ ሥዕል ነው! እስቲ እጅሽን ዘርግተሽ ንኪው! አንድ ብር መዝዘሽ አውጪ!»

«ይኼ ባል ድምፅ ያሰማል» አለ ቴሌቪዥኑ ቅር ብሎት። «ሲተኛ ብቻ ነው ብላችሁ አልነበር?»

ሁለት አህዮች ወርደው ደርቤን በገመድ ጠፈሩት። አንደኛው ጋሪው ላይ ሊያጋድመው ሲል ሌላኛው ጮኸበት።

«አታስተኛው! ካስተኛኸው ሐሞቱ ይፈሳል!»

ቀጥ አድርገው ጫኑት። እስካሁን ነገሩ ጨዋታ መስሎት ነበር፤ ጋሪው ንቅንቅ ሲል ግን ደርቤን እውነተኛ ፍርሃት ያዘው። ቤቱ ወደኋላ ሲቀር አየ። ሰው በብር ቢሸጥ አንድ ነገር ነው፤ በሥዕል መሸጥ ግን አንገበገበው። ባለ በሌለ ጉልበቱ «ባንክ ይጠየቅ! ባንክ ይጠየቅ!» እያለ ጮኸ።

ባንክ ሩቅ አልነበረም። በዚያ አገር ወረፋ የሚይዙት የባንክ ሠራተኞች ናቸው። ክራቫታቸውን አስረው ፀሐይ ላይ ተሰልፈው ደንበኛ እስኪጠራቸው ይጠብቃሉ። ተራው የደረሰው ሠራተኛ እጁን እያፍተለተለ ወደ ፍሪጇ ቀረበ።

«በጣም ይቅርታ እሜቴ» አለ፤ «ሲስተም አለ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ምንም ማድረግ አይቻልም፤ አሁኑኑ ማየት ነው።» አየ። «አልገባም።»

«አልገባኝም» አለች ፍሪጇ።

«እኔም እሱን ነው የምልዎት፤ አልገባዎትም።»

ፍሪጇ ቀስ ብላ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ቴሌቪዥኑ «ኔትወርክ ነው፤ እስከ ነገ ይገባል» አለ። ቀጥሎ መብራት የጠፋ አስመስሎ ፊቱን አጨለመ፤ በጨለማውም ሹልክ ብሎ ሄደ።

ፍሪጇ ገመዱን በጥሳ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተችና ደርቤን አቀፈችው። ቅዝቃዜው ደረቱ ድረስ ዘለቀ፤ በዚያ ሙቀት እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቶ አያውቅም።

«እንኳን በሥዕል፣ በብርም አልሸጥህም» አለችው። «ተሳስቼ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር ስንቱን አብረን አሳልፈናል!»

ደርቤ ዕንባው መጣ። ከእናቱ ወዲህ እንዲህ ብሎ የሳሳለት አልነበረም። «አይዞሽ፣ እኔም አልሸጥሽም» ሊላት አፉን ሲከፍት ነቃ።

ላብ አጥምቆታል። ቤቱ ጭጭ ብሏል፤ የለመደው የፍሪጅ ድምፅ አይሰማም። ቀና ሲል ፍሪጇ የነበረችበት ጥግ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ እሷ ቆማበት የነበረው ቦታ ብቻ ንጹህ ሆኖ ይታያል።

ዘርፌ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ገባች።

«ነቃህ? ልቀሰቅስህ ብዬ አሳዘንከኝ። ሰዎቹ መጥተው ወሰዷት። እንዳልከኝ መልእክቱ እስኪመጣ ጠብቄ ነው ያስረከብኩት። እንዴት ያሉ ጨዋዎች መሰሉህ! የቀረውን እርጎ ሁሉ ሰጠኋቸው፤ ያለ ፍሪጅ ከሚበላሽ ይጠጡት ብዬ። መርቀውኝ ሄዱ።»

ደርቤ ስልኩን ተቀበላት። መልእክቱ ገባ ይላል፤ አጻጻፉም ቁርጥ የባንክ ነው። የተላከው ግን ከባንክ ሳይሆን በዜሮ ዘጠኝ ከሚጀምር የሰው ስልክ ነው። ሂሳቡን ከፍቶ አየ፤ ጠዋት የነበረው መቶ አርባ ብር ያው መቶ አርባ ብር ነው። ዶክተሩ ጋ ደወለ። ስልኩ ተዘግቷል።

ዘርፌ ፊቱን ስታይ ደነገጠች።

«ምነው ደርቤ? ክፉ ሕልም አየህ እንዴ?»

«ኧረ የለም» አላት ባዶውን ጥግ እያየ። «ሕልሙስ ጥሩ ነበር።»