ሦስት ካርታ፣ አንድ መንገድ መሪ

ዛሬ ያደረግኩትን ብነግራችሁ ወላሂ አንፍሬንድ ታደርጉኛላችሁ!

እዚህ ሱዳን፣ ሳጃና ሰፈር ያላችሁ ያገሬ ልጆች ደግሞ ከሳቃችሁብኝ ጁምዓ እናንተ ጋ አልመጣም።

ጀብራ ሰፈር በሠራተኝነት ያለሁበት ቤት ልጅ ራኒያ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወሎ ሄዳ ተራራ ለተራራ በእግሯ ልትጓዝ ነው። ሁለት ሳምንት! በፍላጎት! እኛ መኪና አጥተን የምንሄደውን እነሱ ከፍለው።

እኔ ምን አልኩ? አገሬ ነው፣ መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ፣ ጋይድ እሆንላችኋለሁ አልኩ። እናቴን ካየኋት አምስት ዓመት አለፈኝ። ቲኬቱን ከቻሉልኝ እንኳን ሦስት ሰው ሠራዊት እመራለሁ።

ያኔውኑ ለእናቴ ደወልኩላት።

ዛሬ ከሰዓት ራኒያ ሳሎን ጠራችኝ። ጓደኞቿም አሉ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ካርታ ተዘርግቷል።

«ያላ ሰአዳ፣ የትኛውን እንያዝ? የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

እኔና ካርታ! ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ነበር፣ እሱንም ግማሹን ፍየል በልታዋለች።

አንደኛው ፎቶ ብቻ ነው፣ ዝንጀሮ ሁሉ አለው። ሁለተኛው ነጭ ሆኖ ስም ስም ተጽፎበታል። ሦስተኛው ግን ቡናማ መስመር በመስመር ነው። ደስ አለኝ! እኔ በሌለሁበት አገሬ ይሄን ያህል መንገድ ተሠርቶላታል ለካ!

«ይሄ ይሻላል፣ መንገዱ ብዙ ነው» አልኩ ኮራ ብዬ። ጣቴን አንዱ መስመር ላይ አድርጌ፣ በዚህ እንሄዳለን እያልኩ ነዳሁት። ጣቴ ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረና የተነሳበት ቦታ ተመለሰ።



ራኒያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። መስመሩ መንገድ አይደለም፣ የተራራው ከፍታ ነው። ሰዎቹን ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ተራራ ወገብ ላይ ላዞራቸው ነበር!

እሺ፣ ቤታችሁስ የቱ ጋ ነው አለችኝ። ፈለግኩ። ካርታውን አዞርኩት። እኔም ጠረጴዛውን ዞርኩት። የለም! ሦስቱም ላይ የለም። እዚህ ጋ ሆድ ባሰኝ፣ እንባዬ መጣ። የተወለድኩበት ቤት ጠፋብኝ እኮ!

ራኒያ እርሳስ አነሳች። ገበያውን ካርታው ላይ አገኘችውና ከዚያ ጀምረሽ በአፍሽ ውሰጂን አለችኝ። ወሰድኳቸው። ከገበያው ቁልቁል፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ መስጊዱን በቀኝ ትቶ፣ ዳገቱ ሲያልቅ የቁልቋል አጥር። እርሳሷ በመስመሮቹ መሃል እየተከተለችኝ ሄዳ አንድ ነጥብ አደረገች።

«ከዚህ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ እናቴ ናት።»

በቃ፣ የሁለት ሳምንቱ መንገድ ግማሽ ቀን ሳይሞላው አለቀ! ከእኛ ቤት ወዲያ ያለውን የት አውቄው?

ሳቁ፣ ተመካከሩ፣ ቡናማውን ካርታ ያዙ። ጋይድ ከዚያው ይቀጠራል ተባለ። እኔን ግን ይወስዱኛል፤ እናቴ ቤት ይተዉኝና ሲመለሱ ያነሱኛል። አልሐምዱሊላህ!

ችግሩ፣ እናቴ ልጄ ሱዳኖቹን እየመራች ትመጣለች ብላ ለአገሩ ሁሉ አውርታለች።

ወሎ ያላችሁ የሰፈሬ ልጆች፣ ያን ቀን ሻንጣ ተሸክሜ ከኋላ ከኋላ ስከተል ካያችሁኝ፣ ለእናቴ ከፊት ነበረች በሉልኝ። እሺ?