በባለቤቴ ስም የተማለበት ውሃ

በእኛ አገር ሰው የሚምለው በሚወደው ሰው ሞት ነው። ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? “እናቴ ትሙት” እንላለን፤ እናትየዋ እዚያው አጠገባችን ሽንኩርት እየላጠች ትሰማለች፤ ቅር አይላትም። እንዲያውም የምትቀየመው የሌላ ሰው ስም ሲጠራ ነው። የእኔ ባለቤት፣ ጋሼ ወርቁ፣ በሸዋ ሮቢት ስንት ጊዜ “ይሙት” እንደተባለ እግዜር ይወቀው። ስሙ የታመነ ስለነበር ባጃጅ ነጂውም፣ ማንጎ ሻጯም ይምሉበት ነበር። በመጨረሻ ሞተ።

እሱ ከሄደ ወዲህ፣ ሙቀቱ ከቤት ሲያውለኝ ስለ ጥንት አይስላንድ ሰዎች የሚተርክ መጽሐፍ አነባለሁ። አገሩ በረዶ ነው፤ ለሮቢት ቀትር ጥሩ መድኃኒት። እነዚያ ሰዎች የመሥዋዕት ደም የነካው ቀለበት ይዘው ይምላሉ። ከዚያ ያፈርሳሉ። ከዚያ ሸንጎ ቆመው ይከራከራሉ፤ የሕግ ቀዳዳ ያገኘው ብልጥ ይረታል፤ የተረታው ደግሞ ሄዶ የረቺውን ቤት ከነሰዉ ያቃጥላል። “እንዴት ያሉ ጉዶች ናቸው!” እያልኩ እስቅ ነበር፤ የደምሴ ነገር እስኪመጣ።

ደምሴ ከማሳችን በላይ ያለ ጎረቤታችን ነው። የመስኖው ቦይ ወደ እኛ የሚወርደው በእሱ ሽንኩርት መሃል አልፎ ነው። ባለቤቴ የማንጎ ችግኝ ሲተክል፣ ደምሴ በሽማግሌ ፊት “ጋሼ ወርቁ ይሙት፣ ተራችሁን አልነካም” ብሎ ማለ። ጋሼ ወርቁ ሞተ፤ ቦዩም ደረቀ። በእጁ የተከላቸው ችግኞች ቅጠላቸው መጠቅለል ሲጀምር አላስችል አለኝና፣ ተራ ለሚያከፋፍሉት የውሃ አባታችን ለሼህ ሰይድ አቤት አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ከቦዩ ዳር ጥላ ፈልገው ተቀመጡ።

“አንተ ደምሴ፣ ምለህ አልነበር?” አሉት ሼህ ሰይድ።

“ምያለሁ። በማን? በጋሼ ወርቁ። ጋሼ ወርቁ የት አለ? መሐላውም አብሮት ተቀበረ።”

አይስላንዶቹ ቢሰሙት ያጨበጭቡለት ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱማ “ነገሩስ እውነት አለው” ሲል ሰማሁት።

ሼህ ሰይድ ጢማቸውን ዳሰስ አደረጉ። “ማሻአላህ፣ ጠበቃ ኖረሃል! እንግዲያው በሕይወት ባለ ሰው እንደገና ማላ። ይቻትና፤ ‘እትዬ አስካለ ትሙት’ በል።”

ደምሴ ወደ እኔ ዞረ።  ፊቱ አመድ መሰለ።

“አልልም።”

“ለምን?”

“አንድ ሰው ይበቃኛል!” አለና ተንሰቀሰቀ።

ለካስ ባለቤቴ አልጋ ላይ ሳለ፣ ሽንኩርቱ ቢጠማበት፣ ውሃችንን በድብቅ ወደ ማሳው መልሶ ኖሯል። በማግስቱ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ጋሼ ወርቁን የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ አመነ። ውሃውን መልቀቅ ጥፋቱን ማመን መስሎት፣ ቦዩን እንደዘጋ ቀረ። መሐላው ተቀብሯል እያለ የሚሟገተው ከእኔ ጋር አልነበረም፤ ከራሱ ጋር ነው።

የዚያን ዕለት ምንም ሳይምል ሄዶ ቦዩን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ውሃው ተራችንን ጠብቆ መጣ፤ እንዲያውም ከድርሻችን ይተርፍ ጀመር።

ታዲያ እኔ የማውቀው ነገር አለ። የባለቤቴ ኩላሊት የታመመው ደምሴ ከመማሉ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ሐኪሙ ተስፋ እንደሌለው ነግሮን ነበር፤ ለሰው አላወራንም እንጂ። ዝም ብል ማንጎዎቹ ጠግበው ይጠጣሉ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሰውየው ግን ከሳ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ቤቱ ድረስ ሄጄ ነገርኩት።

“እውነትዎን ነው፣ እትዬ?”

“የገደለው ኩላሊቱ ነው። አንተ የዘጋኸው ቦይ ብቻ ነው።”

ጉልበቴን ስሞ አልቅሶ ሸኘኝ።

በሚቀጥለው ተራችን ውሃው ቀጠን ብሎ መጣ። ወደ ላይ ብመለከት፣ ደምሴ ከለመለመው ሽንኩርቱ መሃል ቀና ብሎ፣ እጁን እያወዛወዘ ሞቅ ያለ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም አጸፋውን መለስኩ። ሰውየው ጤናው ተመልሷል። ማንጎዎቹ እንደሆኑ ሥራቸው ጠልቋል፤ ይችሉታል።