ከጉንጭ የተረፈ ቁራጭ

(የሆስፒታል ላቦራቶሪ። ልብስ ሰፊው፣ መናገር ሲጀምር ሁልጊዜ እንደሚያደርገው፣ የሌለ ክር በከንፈሩ አርሶ ጫፉን ያሾላል። ታናሽ እህቱ ሐኪም ናት፤ ማይክሮስኮፑ አጠገብ ቆማለች።)

ሰፊው፦ ቁራጬን መልሺ። እኔ የደንበኛ ትርፍ ጨርቅ አስቀርቼ አላውቅም።

ሐኪሟ፦ ወንድም ጋሼ፣ ከጉንጭህ የወሰድነው እኮ ስስ ተደርጎ ተቆርጧል። ቀለም ውስጥ ነክረን መስታወት ላይ ለጥፈነዋል።

ሰፊው፦ ሳታማክሪኝ? ምን ቀለም?

ሐኪሟ፦ ሮዝና ሐምራዊ።

ሰፊው፦ ለኔ ዕድሜ ሮዝ?

ሐኪሟ፦ አሁን ስማኝ። የላይኛው ሽፋን ሳስቷል። ከሥሩ ያለው የህዋስ ረድፍ አብጦ እየፈረሰ ነው። ነጭ የደም ህዋሳት የፀጉርህን ሥር ከበውታል።

ሰፊው፦ ማን ጠራቸው?

ሐኪሟ፦ ማንም። ጠባቂዎችህ ናቸው፤ ጠላት መስሏቸው የገዛ ቆዳህን ይወጋሉ። የቆዳ ሉፐስ ይባላል።

ሰፊው፦ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ በይኛ።

ሐኪሟ፦ ፀሐይ ያባብስብሃል። የስፌት መኪናህን ከሱቅህ በር ላይ አንሥተህ ውስጥ ስፋ።

ሰፊው፦ ከበሩ ከተነሣሁ እንጀራዬ አለቀ። ደግሞ አንቺ ከልጅነትሽም ነገር ቶሎ አይገባሽም። ዞር በይ፣ ራሴ ልየው። (ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ይደቅናል) ይኸው። ሙሉ ጨርቅ፣ ፀዓዳ። ምኑ ነው የሳሳው?

ሐኪሟ፦ ሌላስ ምን ይታይሃል?

ሰፊው፦ ጫፉ ላይ ጥቁር ክሮች ተንጠልጥለዋል። ዝምዝማት ይጎድለዋል እንጂ ጤነኛ ነው።

ሐኪሟ፦ ይንቀሳቀሳሉ?

ሰፊው፦ አዎ። ሕይወት ያለው ቆዳ አይደል እንዴ።

ሐኪሟ፦ (በቀስታ) ወንድም ጋሼ፣ መስታወቱ እኮ ገና እጄ ላይ ነው። ያየኸው የራስህን ሽፋሽፍት ነው።

(ሰፊው በርጩማው ላይ ይቀመጣል።)

ሰፊው፦ ጥላ ውስጥ የመርፌው ቀዳዳ አይታየኝም። በሩን የሙጥኝ ያልኩት ለዚህ ነው።

ሐኪሟ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከንም?

ሰፊው፦ ባለቤቴን ዕድሜ ልኳን በዓይኗ ስቀልድባት ኖሬ? የምትጽፊውን ወረቀት የምታነብልኝ እሷ ናት። ስለ ቆዳዬ ያሻሽን ጻፊ፤ ዓይኔን ግን ተይልኝ።

ሐኪሟ፦ (ጽፋ ትሰጠዋለች) እንካ፣ ራስህ አንብበው።

ሰፊው፦ (ወረቀቱን ያቀርባል፣ ያርቃል፣ ደግሞ ያቀርባል) እሰይ የኔ እህት። ስለ ዓይኔ አንድም ቃል የለበትም።

(ከወረቀቱ ግርጌ፣ በትልልቅ ፊደል፦ «ውስጥ ተቀምጦ እንዲሰፋ መነጽር ይግዙለት።»)