ጌታው፣ አቍ!

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ይህንን የምነግራችሁም ስለማላያችሁ ነው። ፊት ለፊት ብንቀመጥ ኖሮ ስለ ክረምቱ ጥቂት አውርቼ፣ የነጠላዬን ጫፍ ስቋጥርና ስፈታ ቆይቼ፣ «ደኅና ዋሉ» ብዬ እወጣ ነበር። ታዲያ እንዴት አስተማሪ ሆንሽ ትሉኝ ይሆናል። ልጆች ፊት አላፍርም። ልጆች ዓይን አያዩም፤ የሚያዩት ጫማ ነው።

ትምህርት ዓይን ይከፍታል ይባላል። የእኔን ከፍቶ ሲያበቃ መሬት ላይ ተክሎት ቀረ።

አንድ ምስጢር አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይላሉ። እውነት ነው። ግን አገርም ሲሞላ ይፈሳል። ደግሞ ክፉ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሰው አልገደልኩም፣ ባል አልቀማሁም። ግጥም ነው የጻፍኩት።

ሰቆጣ ውስጥ ሻደይን የማያውቅ የለም። ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በነሐሴ አጋማሽ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ የዋግ ልጃገረዶች ረጅሙን ለምለም ሣር ወገባቸው ላይ ያስራሉ። በዓሉ ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ ከዚያ በየትልልቁ ሰው ቤት፣ ከዚያ ወደ ሜዳው። ሣሩ ከራሷ ቁመት የሚበልጥ ሕፃን ሳትቀር ትሰለፋለች። እናቶች እልል እያሉ ይከተላሉ። አባቶችስ? አባቶች ራቅ ብለው ይቆሙና ለሌላ ጉዳይ የመጡ ይመስላሉ። የገዛ ልጃቸውን ለማየት እንደወጡ የሚያምን አባት ዋግ ውስጥ አልተወለደም።

ልጃገረዶቹን የሚያዘጋጁልን እመት ትርንጎ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከአካላቸው የሚበልጥ አሮጊት። «በሻደይ የሴት ልጅ አፍ አይከሰስም» ይላሉ። ቸሩን ማመስገን፣ ንፉጉን መሸንቆጥ ይቻላል። በሌላ ቀን ብትሉት የሚያስቆጣ ነገር በዚያ ሳምንት ዜማ ካላችሁበት ያልፋል።

ግጥሙን የጻፍኩ ዓመት፣ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ የሰፈራችን ቦኖ ከደረቀ ሁለት ክረምት ሆኖት ነበር። በክረምት ምን ውኃ ጠፋ አትሉኝም? ጎርፍማ ነበረ። ጎርፍ ግን ለማየት እንጂ ለመጠጣት አይሆንም። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ገደሉ ሥር ወዳለችው ምንጭ ይወርዳሉ። እናቴ በሐምሌ ጭቃ አንሸራቷት ክንዷ ተሰበረ። ወጌሻ አሰረላት። ከሁሉ የቆጫት ግን ክንዷ አልነበረም፤ «ውኃው ፈሰሰ» ነበር የምትለው።

ጉዳዩ የሚመለከታቸው ኃላፊ ከሌላ አገር የመጡ ሰው ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። አንድ ቃል ብቻ ይወዱ ነበር፤ «በቀጣይ»። ቦኖው? በቀጣይ። ቧንቧው? በቀጣይ። ሕዝቡም «ጋሽ በቀጣይ» ብሎ ክርስትና አነሳቸው። የአገራችንን ቋንቋ፣ ኽምጥኛን፣ አይሰሙም። የእኛ ሰው ደግሞ ሲናደድ ወደ ኽምጥኛ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። አስተርጓሚው ማን ነበር? የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ አባቴ። አምስት ልጆች የሚያሳድግ፣ ከዚያች ወንበር ሌላ መተዳደሪያ የሌለው አባቴ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፤ ጉሮሮዬ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የቆመችው እሷ ናት።

እንግዲህ የአጎቴ ልጅ ብርሃኑ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ይመጣል። ብቻውን አይደለም፤ ሁለት ጓደኞቹንና አንድ ትልቅ ነጭ ጨርቅ ይዞ ነው። ጨርቁ ላይ በቀይ ቀለም «ውኃ መብት ነው!» ተጽፏል። የሻደይ ዕለት ከልጃገረዶቹ ፊት ይዘውት ሊሄዱ ነው አሉ።

እመት ትርንጎ ጨርቁን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ምንድን ነው ይሄ? መጋረጃ ነው?»

«መፈክር ነው፣ እማማ» አለ ብርሃኑ። «ሻደይ ሕዝባዊ መድረክ ነው። ሁሉም ሰው የሚወጣበት ቀን ነው። ድምፃችንን ማሰማት አለብን።»

«ድምፅህን አሰማ፤ ማን ከለከለህ? ሣር ታጥቀህ ና።»

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። ብርሃኑ ቀላ። «የምንጠይቀው እኮ ለእናንተ ነው» አለ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን ወንድ ጨርቅ ይዞ ሻደይን ሲመራ የት ታየ? ጨርቁን ያየ ፖሊስ ይመጣል። ፖሊስ ሲመጣ ሕፃናቱ ይሮጣሉ። ሕፃናት የሮጡበት ሻደይ ሻደይ ነው? የምትለው ካለህ ለልጆቹ ስጣቸው፤ እነሱ ያዜሙልህ።»

ብርሃኑ ሰጣቸው። ምን ብሎ ቢሰጣቸው ጥሩ ነው? «ፍትሐዊ የመሠረተ ልማት ተደራሽነት ይረጋገጥ!»

አውራጇ ትበርህ ነበረች፤ አንድ ክፍል አብራኝ የምትማር፣ ድምፀ መረዋ። ሞከረችው። «ተደራሽነት» ላይ ስትደርስ ትንፋሿ አለቀ። ትንንሾቹ ተቀባዮች ደግሞ መጨረሻዋን ብቻ ያዙና «ሽነት! ሽነት!» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። በበዓል ቀን የማይባል ቃል ሊሆን አንድ ፊደል ነው የቀረው። እመት ትርንጎ ራሳቸውን ያዙ። ከእነ ብርሃኑ ሐሳብ ያለፈላቸው አንዱ ብቻ ነበር፤ በከበሮ ፋንታ ባዶ ጀሪካን መምታት። «እሱስ ነውር የለውም፤ ባዶነቱንም የሰጠን መንግሥት ነው» አሉ።

እኔ ጥግ ቆሜ እሰማለሁ። «ተደራሽነት» በዜማ ሲባል ስሰማ ጥርሴን ነው ያመመኝ። እናንተስ ብትሆኑ? ያን ሌሊት አልተኛሁም ብላችሁ ማጋነን ይሆናል፤ ተኝቻለሁ። ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝና ይህ ወጣ፤

ጌታው ከላይ መጡ ሁሉን ሊጠይቁ፣
ከንፈር ሳይናገር የልብን አወቁ።
ተቀባይ፦ አቍ! አቍ! ጌታው፣ አቍ!

ጀሪካን ከበሮ ሆኖልን ዘንድሮ፣
የሚጠጣው ቢያጣ ያሰማል እሮሮ።
ተቀባይ፦ አቍ! አቍ! ጌታው፣ አቍ!

አማርኛ ብቻ የሚሰማ ሰው «አወቁ፣ አወቁ» በጥድፊያ ሲባል ይመስለዋል። በኽምጥኛ ግን «አቍ» ውኃ ነው። «ጌታው፣ ውኃ!» ማለታችን ነው።

በግራ እጄ ጻፍኩት፤ ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ። ትበርህ ወገቧ ላይ የምታስረው ሣር ውስጥ ሸጎጥኩት። ትበርህ ብርሃኑ የላከላት መሰላት። ብርሃኑ ደግሞ ትበርህ ራሷ የፈጠረችው መሰለው። እኔ ከኋለኛው ረድፍ ገብቼ እንደማንኛዋም ልጅ አጨበጨብኩ።

ሜዳው ሞልቷል። ኃላፊው ድንኳን ሥር ተቀምጠዋል። አባቴ ከጎናቸው ነው።  እንዴት አላሰብኩትም? ግጥሙን ስለካ ቃል ነው የለካሁት፤ የአባቴን ወንበር ረሳሁት። «ምን እያሉ ነው?» ብለው የሚጠይቁት እሱን ነው። እውነቱን ቢናገር እኛን ይሸጣል። ቢዋሽ ነገ ይጋለጥና እንጀራው ይዘጋል።

ትበርህ አወረደች። ጀሪካኑ ተመታ። «አቍ! አቍ! ጌታው፣ አቍ!» ሦስት መቶ ጉሮሮ ይሁን አራት መቶ እንጃ፣ ተራራው መልሶ ተቀበለን። ኃላፊው ወደ አባቴ ዘንበል ሲሉ አየሁ። አባቴ ሳል ሳለ። ከዚያም ፊቱ ላይ አንዲት ጡንቻ ሳትነቃነቅ አንድ ነገር ነገራቸው። በኋላ እንደሰማነው ያለው ይህ ነው፤ «አወቁ ነው የሚሉት፣ ጌታዬ። የሕዝቡን ችግር አወቁ ነው።»

ሰውዬው ፊታቸው በራ። ስለ ጀሪካኑ እሮሮ የሚለውን አልሰሙም እንዴ? ሰምተዋል። ግን ሰው ሲዘፈንለት ግጥም አይሰማም፤ ራሱን ነው የሚሰማው። ተነሡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ወደ ልጃገረዶቹ መሐል ገቡ፤ እስክስታ መቱ። ማይኩን ተቀበሉና በሙሉ ድምፃቸው፣ ያለምንም በቀጣይ፣ «አቍ! አቍ! አቍ!» አሉ።

ወገኖቼ፣ ያን ሜዳ ባያችሁት! ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ቄሱ ወደ ሰማይ ያዩ ጀመር። እናቴ ክንዷ አንገቷ ላይ እንደታሰረ እልልታዋን ለቀቀችው። እነ ብርሃኑ ስልካቸውን አውጥተው ይቀርጻሉ። እመት ትርንጎ ብቻ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «አየህ፣ ልጄ? ጨርቅ አላስፈለገንም» አሉት።

ቪዲዮው በማግስቱ ፌስቡክ ላይ ነበር። «ለሕዝባቸው ውኃ የሚጮኹት ኃላፊ» ይላል። ያ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ኽምጥኛ የሚያውቅ ሁሉ ከሥሩ ጻፈበት። ከላይኛው አካል ተደወለላቸው። ኃላፊው አባቴን አስጠሩት። ቤታችን ሬሳ የወጣበት መሰለ፤ እኔ ደግሞ ጓዳ ገብቼ የማላውቀውን ውዳሴ እደግማለሁ።

የሆነውን አባቴ ራሱ ነው ያጫወተን። «ማን ነው ይህንን የጻፈው?» አሉት ጠረጴዛ እየመቱ።

«እርስዎ ነዎታ፣ ጌታዬ።»

«እኔ?!»

«ማይክ ይዘው የጮኹት እርስዎ። ስልክ ላይ የሚታዩት እርስዎ። ሌላ ጸሐፊ ብናመጣ ማን ያምነናል? ደግሞስ ያመነን እንደሆነ፣ በማያውቁት ቃል ጨፈሩ ሊባል አይደል?»

ሰውዬው ጠረጴዛውን መምታት ተዉ አለ። ከዚያ ስልኩን አነሡና ለላይኛው አካል «አዎን፣ የሕዝቡን ጥያቄ ነው ያስተጋባሁት» አሉ። ምን ይበሉ? አንዴ ለውኃ ጮኸዋል፤ የጮኸ ሰው ደግሞ ሳያመጣ ቢቀር ያሳፍረዋል። ጥቅምት ሳይጋመስ ፓምፑ መጣ፤ ቦኖው ተከፈተ። ሪባን የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ዓመት ሳይሞላቸው ከፍ ባለ ቦታ ተዛወሩ። መቼም አልተቀየምኳቸውም። በኽምጥኛ አንድ ቃል አውቀው የሄዱ ኃላፊ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ብዙ ክፉ ዘመን አለፈብን። ግጥሙ ግን አልሞተም። ዛሬም ሻደይ ሲደርስ ከእኛ ሰፈር አልፎ ከደሃናና ከዋጉ ዝቋላ የሚመጡ ልጆች ያዜሙታል። የማስተምራቸው ልጆች «ቲቸር፣ ይቺን አታውቂያትም አይደል?» ብለው ሊያስጠኑኝ ይሞክራሉ። አጠናለሁ። ምን ላድርግ? ብርሃኑ የትግላችን ፍሬ ነው ይላል። ትበርህ ከሣሩ ውስጥ እመቤታችን የሰጠችኝ ነው ትላለች። እኔ አቀርቅሬ እሰማለሁ፤ ውስጤ ግን እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ኩራት እንደዚያ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ዘንድሮ አባቴ ጡረታ ወጣ። እንግዲህ ማን ያባርረዋል? የሻደይ ማግስት ከሰዓት አጥር ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ሲሞቅ አጠገቡ ሄድኩ። መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «አባዬ፣ የዚያን የአቍን ግጥም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ልቤ እንደ ጀሪካን ይመታል።

አልደነገጠም። ሣቅም አላለም። ባርኔጣውን አስተካከለ።

«አንቺ ከየትኞቹ ነሽ?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ኃላፊው የጠሩኝ ዕለት፣ ገና ልባረር ነው ሲባል፣ ከቢሮው እስክደርስ አራት ሰው መንገድ ላይ ያዘኝ። ትበርህ 'ከጠየቁህ እኔ ነኝ በላቸው' አለችኝ። እመት ትርንጎ 'እኔ አሮጊት ነኝ፣ ምን ያደርጉኛል? የእኔን ስም ስጥ' አሉኝ። ብርሃኑ 'እኔ ልታሰር' ብሎ ሻንጣውን አዘጋጅቶ መጣ። ባለሱቁ ሐጂ ሰዒድ እንኳን ሱቁን ዘግቶ ወጣና 'እኔ ሻደይ አልጨፍርም፤ ግን ጀሪካኑን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ ግጥሙንም እኔ ላይ ጻፈው' አለኝ። እነዚያ ከቦኖው በፊት የመጡ ናቸው። ከቦኖው በኋላ 'የጻፍኩት እኔ ነኝ' ብለው የመጡትን ግን አላስታውሳቸውም፤ ብዙ ናቸው።»

አየት አደረገኝ። «አንቺ እንግዲህ ከቦኖው በኋላ ነው የመጣሽው።»

እውነተኛዋ ጸሐፊ እኔ፣ ከአስመሳዮቹ ጎራ ተመደብኩ። እንባዬ መጣ። ግን ደግሞ፣ እመኑኝ፣ ስለዚያ ሰፈር ያን ያህል የኮራሁበት ቀን የለም። ግጥምን ማንም ይጽፋል። ግጥም ሲከሰስ «የእኔ ነው» የሚል አራት ሰው ያለው አገር ስንት አለ?

«እማዬስ?» አልኩት ነገር ለማስቀየር። «እሷ አልመጣችም?»

አባቴ ያኔ ነው የሣቀው።

«እናትሽማ ከመዘፈኑ በፊት ነው የመጣችው። የሻደይ ዋዜማ ነው። 'ልጅቱ ሦስት ቀን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ጣቷን እየቆጠረች አቍ፣ አወቁ፣ አቍ፣ አወቁ ትላለች። ነገ ሰውዬው ምንድን ነው ካሉህ አወቁ ነው በላቸው፤ ማን ጻፈው ካሉህ ደግሞ ሚስቴ በላቸው' አለችኝ።»

አሥራ አንድ ዓመት የደበቅሁት ምስጢር፣ ለካ ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ነው የታወቀው።