ፍቅርን ለታምፔሬ ያመጣው ሰው

የፊንላንዷ ከተማ ታምፔሬ ፍቅርን ሳታውቅ ስንት መቶ ዓመት እንደኖረች እግዜር ይወቀው። የብርሃን ዘመን የጠባላት ጣሊያናዊው ሩጄሮ በካርታ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የመጣ ዕለት ነው። ይህ ታላቅ ሰው ገና በሦስተኛ ወሩ ጥናቱን አጠናቅቆ፣ «እነዚህ ሰዎች ሁሉ ነገር አላቸው፤ የጎደላቸው ፍቅርን የሚያስተምራቸው ነው» ሲል ደመደመ። ለአገልግሎቱም መጀመሪያ እንድትሆን ፊት ለፊቱ የምትቀመጠውን ሄልካን መረጠ። እርግጥ እሷ ቀና ባለች ቁጥር የያዘው እርሳስ ከእጁ ይወድቅ ነበር፤ ይህ ግን በጥናቱ አልተካተተም።

የፍቅረኞች ቀን በደረሰ ጊዜ፣ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ዲግሪ በሆነ ብርድ፣ ደርዘን ቀይ ጽጌረዳ ታቅፎ በእግሩ መጣ። አበቦቹ ቢሮ ሲደርሱ እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ጀግና ግን በአበባ ቀለም አይመለስም። ዘጠኝ ባልደረቦቹ እያዩት ተንበረከከና ሩብ ሰዓት የፈጀ ንግግር አደረገ፤ ጨረቃ ሁለቴ፣ ባሕር አራቴ ተጠቀሱ።

ሄልካ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ጥቁሩን አበባ ተቀብላ፣ «እኛ ጋ ዛሬ የጓደኛ ቀን ነው» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «አንተ ጓደኛዬ ነህ» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

ጓደኛ! ሩጄሮ ሞት የተፈረደበት መሰለው። ክብሩን ለማዳን በብጣሽ ወረቀት «ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛሽ አይደለሁም» ብሎ ጻፈና፣ ጠረጴዛዋ ላይ ወርውሮላት ወደ ምሳ ክፍሉ ነጎደ።

እዚያ ጡረታ ለመውጣት አንድ ዓመት የቀረው ባልደረባቸው ታውኖ፣ ከሁሉም ቀድሞ ገብቶ፣ የአተር ሾርባውን ይጠጣል።

«ጓደኛዬ ነህ አለችኝ እኮ!»

ታውኖ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማን? ሄልካ?»

«አዎ!»

«በገዛ አፏ?»

«ያውም ሰው ፊት! አዋረደችኝ!»

«አንተ ልጅ፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት አጠገቧ ተቀምጫለሁ። እስከዛሬ ያለችኝ ‹መስኮቱን ዝጋው› ብቻ ነው። እኔ ራሴ ባለቤቴን ‹ጓደኛዬ ነሽ› ያልኳት በተዋወቅን በአምስተኛው ዓመት ነው። ደንግጣ አለቀሰች። በዚያው መከር ተጋባን።»

የሩጄሮ ፊት አመድ መሰለ። «ታዲያ... ‹ጓደኛሽ አይደለሁም› ብሎ የጻፈላት ሰው ቢኖርስ?»

«እንዲህ ያለ ጅል ከየት ይመጣል?»

ጅሉ እየሮጠ ተመለሰ። ሄልካ ወረቀቷን ይዛ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«አንብቤዋለሁ» አለች። «ምን አጠፋሁ?»

ሩጄሮ አፉን ከፈተ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል እንዲሉ፣ አንድም ቃል አልወጣው። ወረቀቷን ከእጇ ወስዶ ቀደዳትና እንደ ግንድ ተገትሮ ቀረ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ላቡ በአንገቱ ወረደ።

ሄልካ ባዶውን ወንበር በእግሯ ቀስ አድርጋ ወደ እሱ ገፋችለት።

«እንዲህ ጥሩ አድርገህ ማውራት እየቻልክ» አለች፣ «ቅድም ምን ነክቶህ ነው?»